ስድስት ፍሬ ባቄላ

ይህን ነገር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም። ጾም የገደፍሁበትን፣ ጎረቤት ያማሁበትን፣ ባሌን በሕይወት ሳለ የተሳደብሁትን ሁሉ በየዓመቱ ተናዝዣለሁ፤ እዚህኛው ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። ባለፈው ወር ለሁለት ሰው ተናገርሁ። አሁን ለእናንተ እጽፋለሁ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት ብዙም አላለፈምና ጽሑፌ የተጣመመበት ቦታ ቢኖር እለፉኝ። ሥራዬን ግን አትለፉኝ።

ሰርቄያለሁ። የልጆች ድምፅ ሰርቄያለሁ። ከማን ብትሉኝ፣ በእጄ ካሳደግኋት የልጅ ልጄ።

ስሜ አንጓች ነው። ኮሶበር ዳር ነው ቤቴ፤ እናንተ እንጅባራ የምትሉት። ሰፈራችን ለበዓል በሬ በጋራ ገዝቶ ቅርጫ ያርዳል። ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ለፋሲካ ወንዶቹ በመደቡ፣ በየቅጠሉ ላይ በተከመረው የሥጋ ድርሻ፣ ተጣሉ። የአንዱ መደብ ቅልጥም በዛበት፣ የአንዱ ጉበት አነሰው ተባባሉና ቢላ እንደያዙ ተፋጠጡ። እኔ ከቤቴ ወጥቼ ጮህሁባቸው። ዱላዬን ይዤ በቅጠሉ መሐል እየዞርሁ «ከዚህ አንሣና እዚያ ጨምር፣ ያንን ጎድን ወዲህ አምጣ» አልሁ። ሴት ምን አግብቷት ያለ ነበር፤ ቀና ብዬ ሳየው ቢላውን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ እኔ ሳላየው ዕጣ አይጣልም።

በሰፈራችን ደንብ መደብ ያመጣጠነ ሰው ዕጣ ውስጥ አይገባም። ሁሉም ካነሣ በኋላ የተረፈውን ይወስዳል። እኔም ስንት ዓመት የተረፈውን ወሰድሁ። የተረፈው መደብ አጥንት የበዛበት ከሆነ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው አጥንቱን ተሸክሜ ስሄድ ሲያየኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይህንን ልብ በሉልኝ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ክረምት በከተማችን ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ለጎረምሶችና ለኮረዶች ትምህርት ተከፈተ። ከዳንግላ፣ ከአዲስ ቅዳም፣ ከዙሪያው ገጠር አርባ ሦስት ልጆች መጡ። ሦስት ሳምንት ይማራሉ። ቀበሌ ምን ይሠራል፣ ወረዳ ምን ይሠራል፣ ምክር ቤት ማለት ምንድን ነው፣ መሪ እንዴት ይመረጣል፣ ሲያጠፋስ እንዴት ይወርዳል፤ ይህን ነበር የሚማሩት። አስተማሪያቸው መምህር ይበልጣል የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር።

የልጅ ልጄ ባንቻምላክ ከልጆቹ አንዷ ነበረች። ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ፣ ልጄ፣ የሞተችባት በአራት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። በየቀኑ ማታ ማታ የተማረችውን ለእኔ ታስተምረኛለች። «እምዬ፣ ሊቀ መንበሩ ነገ ነይ፣ ነገ ነይ ካለሽ በጽሑፍ ጠይቂው። ቀን ይጻፍበት። ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይፈራል» ትለኛለች። ትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ነውና ዝናቡ ሲወርድ ተናጋሪ አይሰማም። ሌሎቹ ልጆች ከዝናቡ ጋር እየተሟገቱ ይጮኻሉ። እሷ ቆማ ትጠብቃለች፤ ቀለል ሲል ያቆመችበት ላይ ትቀጥላለች። ከገጠር የመጡት ልጆች አማርኛው ሲከብዳቸው በአገውኛ ትመልስላቸዋለች፤ ከእኔ ነው የለመደችው። ሲያዳምጧት በመስኮት አይቻለሁ። እንደዚያ የተደመጠ ሰው በዘራችን አላውቅም።

አንድ ቀን መምህሩ እኔን ጠራኝ። ስለ ቅርጫ ደንብ ንገሪያቸው ብሎ። ነገርኋቸው። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «እማማ፣ መደቡን የሚያዩት እርስዎ ከሆኑ ለቤትዎ ቢያደሉስ ማን ያውቃል?» አለኝ። «የእኔ ቤት የተረፈውን ይበላል» አልሁት። አጨበጨቡልኝ። ሳቁም። መሪያቸውን የሚመርጡበት ቀን ሲደርስ «አስመራጫችን እማማ አንጓች ይሁኑልን» አሉ። መምህሩ ባንቻምላክ ተወዳዳሪ መሆኗን አንሥቶ ጠየቃቸው። «እሳቸው አያደሉም» አሉ። አላደላም ብዬ እኔም አመንሁ።

የሚመረጠው ልጅ በመጨረሻው ቀን ወረዳ አስተዳዳሪዎች ፊት ቆሞ የልጆቹን ጥያቄ ያቀርባል። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው። ዘላለም የሚባል የዳንግላ ልጅ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜና እሑድ ይከፈትልን ብሎ ሊጠይቅ ነው። ባንቻምላክ በየትምህርት ቤቱ ለሴት ልጆች ውኃ ያለውና ከውስጥ የሚቆለፍ ሽንት ቤት ይሠራልን ብላ ልትጠይቅ ነው። ስንቷ ልጅ በዚያ ምክንያት በወር አምስት ቀን ቤቷ እንደምትቀር በክፍሉ ሁሉ ፊት ተናግራ ወንዶቹ አልሳቁም። እኔ ሰምቼ አፍሬ ነበር። ደግሞም ኮርቼ ነበር።

ወረቀት አይሆንም አሉ፤ አንዱ የሌላውን የእጅ ጽሑፍ ያውቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፍሬ ባቄላ ይሰጠዋል፤ ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ሁለት ባልዲ ይቀመጣል፤ ክዳኑ ላይ ስም ተጽፎበት በትንሽ ቀዳዳ ይጣላል። ባዶ ባልዲ ውስጥ ባቄላ ሲወድቅ እንደሚሰማ ያሰብሁት እኔ ነኝ። ማን ለማን እንደሰጠ በድምፁ እንዳይለይ ሁለቱም ባልዲ ውስጥ ገለባ ጎዘጎዝሁ። ይህን ያህል የተጠነቀቀች ሴት ያንን አደረገች ቢባል ማን ያምናል? ለዚህ አይደል ማንም ያልጠረጠረኝ?

በምርጫው ቀን ጠዋት በግቢው በር ስገባ ለልጆቹ ወጥ የምትሠራው ሴት ከጓደኛዋ ጋር ድንች ትልጣለች። አላየችኝም።

«ባልዲው እማማ አንጓች እጅ፣ ልጅቱ እማማ አንጓች ቤት» አለች።

«ታዲያ ምን ምርጫ ያስፈልጋል? ሂጂና እንኳን ደስ አለሽ በያት» አለች ጓደኛዋ። ሁለቱም ሳቁ።

እዚያው ላይ ተመልሼ ለመምህሩ «ልጅ ሆይ፣ ባልዲውን ለሌላ ስጥ፣ የልጅ ልጄ አለችበት» ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ለምን አላልሁም? አያደሉም መባሉ ጣፍጦኝ ነው። ባልዲውንም ስሙንም አንድ ላይ መያዝ ፈለግሁ።

ልጆቹ አንድ በአንድ ገብተው ጣሉ። ጨርሰው ሳይወጡ ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው እንዲህ ሲጮህ ቆጠራ አይሆንም ተባለና ምሳ ይብሉ ተባለ። ባልዲዎቹን እኔ ዕቃ ቤት አስገብቼ እንድጠብቅ መምህሩ ቁልፍ ሰጠኝ። በሩን ከውስጥ ዘጋሁ። የተሰባበረ ዴስክና የኖራ ከረጢት መሐል ተቀምጬ ባልዲዎቹን አየሁ።

ከፈትኋቸው። ገለባውን እየበተንሁ ፍሬዎቹን ለቀምሁ። ቆጠርሁ። ደግሜ ቆጠርሁ። ባንቻምላክ ሃያ ስድስት፣ ዘላለም ዐሥራ ሰባት።

ከባንቻምላክ ባልዲ ስድስት ፍሬ አነሣሁና ዘላለም ባልዲ ውስጥ ጨመርሁ። ገለባውን መልሼ አለበስሁ፤ ክዳኑን ዘጋሁ። ቀሚሴ ላይ የቀረውን እብቅ አራገፍሁ። ብዙ ጊዜ አልወሰደም፤ አንድ ሰው ጫማውን አውልቆ እስኪያደርግ ያህል ነው የፈጀው።

ያንን ሳደርግ ምን እየተሰማኝ እንደነበር ትጠይቁኝ ይሆናል። ምንም። መደብ የማመጣጥን መሰለኝ። የእኔ ቤት የተረፈውን ይወስዳል አልሁ። ያ ሥጋ ነው፤ ድርሻዬን ብተው የምተወው የራሴን ነው። ይህ ግን የእኔ አልነበረም። የእሷም አልነበረም። ከባልዲው ያወጣኋቸው ስድስት ልጆች ናቸው፤ ወደዚህ መጥተው፣ አስበው፣ ከሰሌዳው ጀርባ ብቻቸውን ቆመው የወሰኑ ስድስት ልጆች። እኔ ዘወር አድርጌ ወዳልፈለጉት ቦታ አቆምኋቸው። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያኔ የወጥ ሠሪዋ ሳቅ ብቻ ነበር በጆሮዬ።

ዝናቡ ሲያባራ በልጆቹ ፊት ተቆጠረ። ሃያ ሦስት ለዘላለም፣ ሃያ ለባንቻምላክ። አጨበጨቡ፤ ጭብጨባው ግን ወዲያው ወደ ሹክሹክታ ዞረ። ባንቻምላክ ተነሣች። «መምህር፣ ተወዳዳሪ ድጋሚ ይቆጠርልኝ ማለት ይችላል ብለው አስተምረውናል። ይቆጠርልኝ» አለች። ድምፅዋ ጨዋ ነበር።

መምህሩ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምሁት። «በእኔ እጅ የነበረ ነገር ነው የሚጠረጠረው?» አልኋት። «መሸነፍ ልመጂ። እንዲህ አድርጌ አላሳደግሁሽም።» በአርባ ሁለት ጓደኞቿ ፊት ነው ያልሁት። እንደገና ተቆጠረ። ያው ነበር፤ ምን ሊሆን ኖሯል? ባንቻምላክ ወደ እኔ መጣችና አንገቷን ሰብራ «ይቅርታ እምዬ» አለችኝ። ይቅርታዋን ተቀበልሁ። ሰማችሁ? እኔ ነኝ የተቀበልሁት።

ስወጣ ወጥ ሠሪዋ እጄን ያዘችና «እማማ፣ እኔስ ጠርጥሬዎት ነበር፤ የእግዜር ሰው ነዎት» አለችኝ። ያንን ይዤ ቤቴ ገባሁ። የሰረቅሁት ለዚያች ለአንዲት ንግግር ነበር።

እስካሁን የነገርኋችሁ የመጀመሪያው ነው። የሚብሰው ገና ነው።

ሐያት የምትባል የዳንግላ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ለሦስት ሳምንቱ እኛ ቤት ነበር ያረፈችው፤ ከባንቻምላክ ጋር አንድ አልጋ ላይ። ፍልሰታ ስለነበር የሥጋ ነገር እንኳ አላስቸገረንም፤ ሁላችንም ሽሮና ድንች ነበር የምንበላው። ጠዋት ጠዋት አንዷ የአንዷን ፀጉር ትሠራለች። ለባንቻምላክ ቅስቀሳ ስትዞር የከረመችው ሐያት ናት። እኔንም ትቀልድብኛለች፤ «እማማ፣ እርስዎ ወረዳ ቢገቡ ሊቀ መንበሩ በመስኮት ይዘላል» ትለኝ ነበር።

ከምርጫው በኋላ ልጆቹ ተራ በተራ ለባንቻምላክ እኔ ለአንቺ ነው የሰጠሁ እያሉ ነገሯት። እሷ በጣቷ ቆጠረች። በማግስቱ ከእራት በፊት፣ እኔ ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ፣ ሐያትን ጠየቀቻት።

«እውነቱን ንገሪኝ። አልቀየምሽም።»

«ወላሂ ለአንቺ ነው።»

«ሃያ አምስት ሰው እንደዚህ ማለልኝ። ከእኔ ጋር ሃያ ስድስት። ባልዲው ውስጥ ሃያ ነው ያለው። ስድስታችሁ ፊቴ ላይ ቆማችሁ ትዋሻላችሁ ማለት ነው።»

«ከስድስቱ አንዷ እኔ ነኝ?»

«እንዴት ልወቅ?»

ሐያት ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እማማ፣ እርስዎ ይንገሯት። ምናልባት ሲቆጠር ስሕተት ቢኖርስ?»

አሁንም አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። እንጨት ወደ እሳቱ ገፋሁ። «እኔ አልሳሳትም» አልሁ።

ሐያት በማግስቱ ጠዋት ልብሷን በፌስታል አድርጋ ሌሎቹ ሴት ልጆች ወደሚያድሩበት ክፍል ሄደች። እስከ በር አልሸኘኋትም። ባንቻምላክም አልሸኘቻትም። ድምፅ ብሰርቅ ድምፅ ነው፤ እዚያ ምድጃ አጠገብ የሰረቅሁት ግን ምንድን ነው? ስም አጣሁለት። እውነቷን የተናገረችን ልጅ ውሸታም አድርጌ ከቤቴ አስወጣሁ። የልጅ ልጄን ሃያ አምስት ሰው እየወደዳት ስድስት ሰው የከዳት አስመሰልሁባት። ስድስቱ እነማን እንደሆኑ ስለማታውቅም ሃያ አምስቱንም ተወቻቸው።

ዘላለም በመጨረሻው ቀን ተነሥቶ ጥሩ ተናገረ። ቤተ መጻሕፍቱም ቅዳሜ መከፈት ጀመረ። እሱ ምንም አላጠፋም። የሽንት ቤቱን ነገር ያነሣ አልነበረም።

ባንቻምላክ አላለቀሰችም፤ አልተጣላችም። ዝም ነው ያለችው። ትምህርት ተጀምሮ መምህራኖቿ «ባንቹ ምን ነካት፣ እጇን አታወጣም» ሲሉኝ «አድጋ ነው፣ ዓይን አፋር ሆና ነው» እላቸው ነበር። ኮሌጅ ጨረሰች። አሁን ከተማው ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የሥራ ባልደረቦቿ የሠራተኛ ተወካይ ሁኚልን ሲሏት «ሌላ ፈልጉ» አለች። የሰፈሩ ሴቶች ለቦኖ ውኃው ኮሚቴ ሲጠቁሟት ያው ነው። «ለምን?» አልኋት አንድ ጊዜ፤ እኔው ደፍሬ። «እምዬ፣ ሰው ፊትሽ አንድ ነው፣ ባልዲው ጋ ሌላ ነው» አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷ ላይ ንዴት እንኳ አልነበረም። ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር።

እኔም እንደዚያው ሆንሁ። ሥጋ ሲከፋፈል እየጠሩኝ መደብ አየሁ። ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ። ቀን ቀንን እየተካ ሄደ። ጸጸት ሰው ያቃጥላል ይላሉ፤ እኔን አላቃጠለኝም። እግሬ ሲደነዝዝ እንደማላውቀው፣ ይህም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ሥቃዬን አይታችሁ እንዳትራሩልኝ። አልተሠቃየሁም።

ባለፈው ወር መምህር ይበልጣል ቤቴ መጣ። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። «እማማ፣ ዘንድሮም ልጆች እያሰባሰብን ነው። እንደዚያን ጊዜው አስመራጭ ይሁኑልን» አለኝ። ባንቻምላክ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ቀና ብላ «ከእምዬ የተሻለ አታገኙም» አለችው። «እኔ ተሸንፌ እንኳ በእሷ እጅ ስለሆነ አምኜ ተቀበልሁ።»

አርባ ሰው የማታምን ልጅ እኔን ታምናለች። ለካስ ከዚያ ሁሉ የተረፈላት ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዳው ሻዩን ሳይጨርስ ተናገርሁ። እዚያው፣ ሁለቱም ባሉበት። ሃያ ስድስት ድምፅ ነበረሽ፣ ስድስቱን እኔ ነኝ የወሰድሁ አልኋት። መምህሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወለሉን አየ። ባንቻምላክ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ውጭ ነበር። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህ በወደድሁ።

«ሐያት ታውቃለች?» አለችኝ።

«አታውቅም» አልሁ።

ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አደረገች። ስልኳን ይዛ ወጣች። ሐያት ጫግኒ አግብታ እዚያ ሱቅ እንዳላት ከሰው አጠያየቀች፤ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረደች። እኔ ለመምህሩ አስመራጭ እንደማልሆን ነገርሁት፤ ለልጆቹ ምክንያቱን እንዲያነብላቸውም ይህን ልጽፍ ቃል ገባሁ። ለዘላለምም እነግረዋለሁ። ያሸነፈበትን ቀን እንደማበላሽበት አውቃለሁ፤ ቢሆንም የእሱ ያልሆነ ነገር ተሸክሞ መኖር የለበትም። ሰፈሩም ያውቃል። ለመጪው በዓል መደብ የሚያይ ሌላ ሰው ፈልገዋል።

ባንቻምላክ በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ምን ተባባላችሁ ብዬ አልጠየቅሁም። ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ «ሐያት ሁለት ልጅ ወልዳለች» አለችኝ። «ትልቁ አራት ዓመቱ ነው።» ሌላ አልጨመረችም። በሁለቱም አራስ ቤት አጠገቧ መሆን የነበረባት ባንቻምላክ ነበረች። ይህን አላለችኝም። እኔ ነኝ ያሰብሁት።

ከዚያ ወዲህ አብረን እንበላለን። መድኃኒቴን በሰዓቱ ትሰጠኛለች። ከዚያ በላይ አናወራም።

ይቅር በይኝ አላልኋትም። የምትገረሙ ትኖራላችሁ። ሽማግሌ ላኪ ያሉኝ አሉ፤ ቄሱም እኔ ላስታርቃችሁ ብለዋል። እምቢ አልሁ። እኔ አሳዳጊዋ ነኝ፤ አርጅቻለሁ፤ እግሯ ሥር ብወድቅ ሽማግሌው ሁሉ ዓይኑን በእሷ ላይ ተክሎ እያየ አይሆንም ማለት ትችላለች? አትችልም። ይቅር ብዬሻለሁ ትላለች፤ ያም የእሷ ቃል አይሆንም። አንድ ጊዜ የሌላ ሰው ውሳኔ በእጄ ዘውሬያለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም። ይቅር ካለችኝ ሳልጠይቃት ትበል። ካላለችኝም አላለችኝም፤ መብቷ ነው።